ልጆቹ ለምን ሶስቱ ጋ ብቻ ይጋፋሉ? ስለ ሰፈር ፋውንቴን

ከጅማ፣ ከሄርማታ ሰፈር የጻፍክልኝ ወንድሜ፣ ጥያቄህን ላላነበበው ሰው ባጭሩ ላስቀምጠው። የሰፈር ልጆች ተሰባስባችሁ ባዶዋ ቦታ ላይ ውሃው ከመሬት የሚወጣ ፋውንቴን ሰርታችኋል፣ 12 ኖዝል (ውሃው የሚፈናጠርበት አፍ) በአንድ መስመር፣ ፓምፑ ጥግ ላይ፣ ሁሉም የሚጠጡት ከአንድ 1 ኢንች ቧንቧ ነው። ፓምፑ አጠገብ ያሉት ሶስቱ ከሰው ቁመት በላይ ይዘላሉ፣ መጨረሻ ያሉት ደግሞ ዝም ብለው ይንጠባጠባሉ፣ ልጆቹ ሶስቱ ጋ ተጋፍተው ይጣላሉ፣ ትልልቆቹም መርጠብ ሲሰለቻቸው መምጣት ተዉ። «ጋሼ ፓምፑን በትልቅ ብንቀይረውስ?» ነው ያልከኝ።

ኧረ እንዳትቀይረው። ፓምፑን ስታተልቅ የፊተኞቹ የባሰ ይዘላሉ እንጂ የኋለኞቹ ብዙም አይነሱም። ጸቡን ያመጣው ልጆቹ ባለጌ ስለሆኑ ሳይሆን ቧንቧው ስለጠበበ ነው። ሂሳቡን እንየው፦ 8 ሚሊ ቀዳዳ ያለው ኖዝል ውሃውን 60 ሳንቲም ለማንሳት በደቂቃ 10 ሊትር ገደማ ይፈልጋል፣ ለ12ቱ በሰዓት ከ7 ሜትር ኩብ በላይ መሆኑ ነው። ይሄን ሁሉ በ1 ኢንች ስትሰደው መግቢያው ላይ በሰከንድ ወደ 4 ሜትር ይሮጣል፣ እያንዳንዱ ሜትር ቧንቧ ከግማሽ ሜትር በላይ የሚሆን ከፍታ ይበላብሃል። ስለዚ መጨረሻ ላይ ምን ይቀራል?

መፍትሄው ባለ 2 ኢንች ቧንቧ ዙሪያውን አዙረህ ጫፉን ከመነሻው ጋር ማገናኘት ነው፣ ቀለበት ይሆናል፣ ውሃው በሁለቱም በኩል ይመጣል፣ ፍጥነቱ በሰከንድ ወደ ግማሽ ሜትር ይወርዳል፣ በሜትር የሚጠፋውም ግማሽ ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ጎሚቶ (ቧንቧውን የሚያጥፈውን መገጣጠሚያ) አታብዛ። ኖዝሉንም ከ8 ሚሊ አታስፋው፣ ሲሰፋ የትንሽ ልጅ ጣት ገብቶ ሊያዝ ይችላል።

አሁን እኔ በጣም የምወደው ነገር ጋ ደረስን። ሰው ሲጠጋ የሚያውቅ ሴንሰር እንግዛ ወይ ብለሃል፣ ሴንሰር አያስፈልግህም ወንድሜ፣ ሰውን እርስ በርስ የሚያጫውተው ራሱ ቧንቧው ነው። 12ቱን ኖዝል ሶስት ሶስት አድርገህ በአራት ቡድን ክፈላቸው፣ እያንዳንዱ ቡድን ከቀለበቱ የሚወጣ የራሱ ቅርንጫፍ ይኑረው፣ ለዚህ ያወጣኸውን 1 ኢንች ቧንቧ መልሰህ ተጠቀምበት፣ ለሶስት ኖዝል ይበቃል። ቅርንጫፉ መነሻ ላይ ቫልቭ አድርግ። ቀለበቱ ላይ ግማሽ ባር ገደማ የውሃ ግፊት ይኑርና ውሃው 60 ሳንቲም ላይ እስኪቆም ድረስ ቫልቩን አጥብበው። ከዛ አንዱ ልጅ አንዱን ኖዝል በተረከዙ ሲደፍነው የቀሩት ሁለቱ በስሌት ከ1 ሜትር ያልፋሉ፣ ሁለቱ ከተደፈኑ ሶስተኛው ከ2 ሜትር ተኩል በላይ ይሄዳል፣ ምክንያቱም ቫልቩ ያሳለፈው ውሃ መሄጃው ያ ብቻ ነው። እንዲህ አድርጌ በሰራሁት አንድ ግቢ አንዲት አምስት አመት የማይሞላት ልጅ ጫማዋን አውልቃ ኖዝሉን በተረከዟ ስትደፍነው ማዶ የቆመ የማታውቀው ጎረምሳ ፊቱ ላይ ውሃ ተረጨ፣ ዞር ብሎ አያትና እሱም የራሱን ደፈነባት፣ ከዛ በኋላ ግማሽ ሰዓት ሙሉ እየተያዩ ሲስቁ ነበር፣ እኔም ስራዬን ትቼ ሳያቸው ቆየሁ። ለዚህ ነው የአንድ ቡድን ሶስቱን ኖዝል አጠገብ ለአጠገብ የማታደርገው፣ 2 ሜትር ያህል አራርቃቸው፣ የሚረግጠውና የሚረጥበው ሰው ይለያያል።

ትልልቆቹን መመለስ ከፈለግክ ደግሞ ደረቅ ቦታ ስጣቸው። ከመጨረሻው ኖዝል 4 ሜትር ያህል ራቅ አድርገህ መቀመጫ ስራ፣ ወለሉ ወደ መሃል በ100 ሳንቲም 2 ሳንቲም ያህል ይዝቀጥ፣ ለሶላት የሚያልፍም ነጭ ነጠላ የለበሰችም ሳይረጥቡ የሚሄዱበት መንገድ ይኑር። ፈረንሳይ ቦርዶ ከተማ በ2006 የተከፈተው የውሃ መስታወት የሚባለው አደባባይ ግራናይት ላይ የተኛ 2 ሳንቲም ውሃ ነው፣ ህጻኑም አዛውንቱም በእግሩ ይሄድበታል፣ ስለዚ ሰው ለመሰብሰብ ውሃው የግድ ከፍ ብሎ መዝለል የለበትም።

ፓምፑ ጠጠር እንደሚያኝክ ይጮሃል ያልከው መሳቡ ስላቃተው ይመስለኛል። ጅማ ከባህር ጠለል 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ ሳሳ ይላል፣ ፓምፕ ውሃ የሚስብበት አቅም ከባህር ዳርቻ ጋር ሲነጻጸር 2 ሜትር ያህል ይቀንሳል፣ ስለዚ ፓምፑን ከታንከሩ ውሃ ዝቅ አድርገህ አስቀምጠው፣ የሚስብበትንም ቧንቧ አስፋው፣ የፓምፑ ጉድጓድ ግን የክረምቱን ዝናብ የሚያስወጣ መውረጃ ይኑረው። ኤሌክትሪኩ ላይ ቀልድ የለም፣ 30 ሚሊ አምፔር ላይ የሚዘጋ የሊኬጅ ብሬከር (ኤሌክትሪክ ሲያፈተልክ ራሱ የሚያጠፋ) ሳይገጠም አንድም ልጅ እንዳይገባ፣ መብራት ካስገባህም 12 ቮልት ብቻ።

ውሃው ተመልሶ የሚዞር ስለሆነ የልጆቹ እግር፣ ቀዩ አፈር፣ አንዳንዴም ከዛ የባሰ ይገባበታል። ከፊልተሩ በፊት አፈሩ የሚዘቅጥበት ትንሽ ገንዳ አድርግ። ለ5 ሜትር ኩብ ታንከር ውሃ 15 ግራም ገደማ ባለ 65 ፐርሰንት ክሎሪን ዱቄት 2 ሚሊ ግራም በሊትር ይሰጥሃል፣ ጸሃይ ስለሚበላው ግን በቀን ሁለቴ በክሎሪን መለኪያ ቴስተር ለካው፣ ከ1 በታች ከወረደ ዝጋው። በ2005 ኒውዮርክ ስቴት ውስጥ እንደዚህ አይነት የውሃ መጫወቻ ላይ ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባል ተህዋስ ከሺህ በላይ ሰው አሳሟል፣ ክሎሪን ቶሎ አይገድለውም፣ አቅም ካላችሁ ተህዋስ የሚገድል የዩቪ (አልትራቫዮሌት) መብራት ጨምሩበት፣ ተቅማጥ የያዘው ልጅ እንዳይገባም ለእናቶች ንገሩ።

ሲሚንቶ ከመሙላትህ በፊት የቧንቧውን ቦይ ክፍት ትተህ ፓምፑን አስነሳው፣ 60 ሳንቲም ላይ ምልክት ያለው እንጨት ይዘህ አንድ በአንድ ለካ። ቫልቮቹን ካስተካከልክ በኋላ እጀታቸው የቆመበትን ቦታ በቀይ ቀለም አስምርበት፣ ሰው ነካክቶ ቢያዞረው ወዲያው መልሰህ ታስተካክለዋለህ።