ጠይቁ፣ እንመልስ፦ ክሩ ለምን እግር ሥር ይከመራል?

ጥያቄ፦ ነሐሴ ላይ ሞንታና ወዳለው ወንድሜ እሄዳለሁ። የሎውስቶን ወንዝ ላይ ከትስሮት የሚባለውን ትራውት በሰው ሠራሽ ዝንብ ያጠምዳል። የላከልኝን ዘንግ ደቻቱ አሸዋ ላይ ስሞክረው ክሩ ተጠቅልሎ እግሬ ሥር ይወድቃል። ስህተቴ ምንድን ነው? (ከድሬዳዋ)

መልስ፦ መጀመሪያ ከአሸዋው ይውጡ። አሸዋ የክሩን ልባስ ይፍቀዋል፤ የተፋቀ ክር ደግሞ በዘንጉ ቀለበቶች ውስጥ አይንሸራተትም፣ ውሃ ላይም በደንብ አይንሳፈፍም። ሣር ሜዳ ይፈልጉ። መንጠቆውን ፈትተው በምትኩ ጥፍር የምታህል ደማቅ ሱፍ ይቋጥሩ።

በተራ ማጥመጃ የሚወረወረው ከክሩ ጫፍ የሚታሰረው የእርሳስ ክብደት ነው። ዝንቡ ግን ክብደት የለውም፤ እዚህ የሚወረወረው ክሩ ራሱ ነው። ወደ ኋላ ካልተዘረጋ ዘንጉን ሊያጎብጠው አይችልም፣ ያልጎበጠ ዘንግም አይወረውርም። 8 ሜትር ያህል ክር ያውጡ። ዘንጉን እያፈጠኑ ወደ ላይና ወደ ኋላ ያንሱና ከትከሻዎ ብዙም ሳያልፍ ቀጥ አድርገው ያቁሙት። የእጅ አንጓዎ ከታጠፈ ክሩ ከኋላዎ መሬት ይመታል። ዞረው ይመልከቱ፦ ክሩ ተዘርግቶ ሊያልቅ ሲል ወደ ፊት ይመልሱት። እንደ ቡሄ ጅራፍ ከጮኸ ቸኩለዋል። ክሩ በረዘመ ቁጥር ቆይታውም ይረዝማል።

ዘንጉ ቁጥር 5 ከሆነ (ቁጥሩ የሚስማማውን የክር ክብደት ያመለክታል) ክሩም ቁጥር 5 ይሁን፤ ከጫፉ የሚቀጠለው ናይለን 2.7 ሜትር ሆኖ መጨረሻው እስከ 0.15 ሚሊ ሜትር ይቅጠን።

ወንዙ ላይ ችግሩ ሌላ ነው። መሀል ያለው ፈጣን ውሃ ክሩን ቀድሞ ይወስድና ዝንቡን ይጎትተዋል፤ ዓሣው የሚጎተት ዝንብ ይጠረጥራል። ክሩ እንዳረፈ የጎበጠውን ክፍል በዘንጉ ጫፍ አንስተው ወደ ወንዙ ላይኛው አቅጣጫ ይመልሱት። ነሐሴ የፌንጣ ወቅት ስለሆነ ፌንጣ መሰሉን ዳር ዳሩን ይጣሉ። ከትስሮት ቀስ ብሎ ነው የሚጎርሰው፤ አፉን ገጥሞ ወደ ታች ሲመለስ ብቻ ዘንጉን ያንሱ። ከዚያ በፊት ካነሱ ዝንቡን ከአፉ ያወጡበታል።

ከመንጋጋው ሥር ቀይ ሰረዝ ካዩ እሱ ነው። በባሌ ዌብ ወንዝ ያለው ትራውት ከውጭ መጥቶ የተለቀቀ ሲሆን፣ ከትስሮት ግን የወንዙ ተወላጅ ነው። በየሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክ ክልል ውስጥ እሱን መልሶ መልቀቅ ግዴታ ነው፤ የመንጠቆውም ጥርስ በፒንሳ መደፍጠጥ አለበት። የሞንታና ፈቃድ ፓርኩ ውስጥ አይሠራም፤ የራሱን ያውጡ። ዓሣውን ከመንካትዎ በፊት እጅዎን ያርጥቡ፣ ደረቅ እጅ ልጋጉን ይገፍፈዋል። የውሃው ሙቀት 20 ዲግሪ ከደረሰ ያቁሙ፤ ቢለቁትም ሊሞት ይችላል።