ጅማ ላይ ለኢንጀክሽን ማሽን ሮቦት ያዋጣል ወይ? ለእህታችን ጥያቄ

ሰላም እህቴ። ባጭሩ ልመልስልሽ ብዬ ጀመርኩና ረዘመብኝ፤ ታገሺኝ። ዘግይቶ ለሚያነብ ሰው ጥያቄዋ ይሄ ነው። ጅማ ውስጥ ሁለት ኢንጀክሽን ማሽን (ፕላስቲክ አቅልጦ ቅርጽ ውስጥ በግፊት የሚሞላ ማሽን) አላቸው። በአንዱ ሳፋና በርጩማ፣ በሌላው የጠርሙስ ክዳን ያመርታሉ። አንድ አስመጪ ለሁለቱም ሮቦት ግጠሙ፣ ሠራተኛ ትቀንሳላችሁ ብሏቸዋል። ያዋጣል ወይ ነው የምትለው።

መልሱን ላስቀድም። ለክዳኑ ማሽን አትግዢ። ለሳፋው ምናልባት፣ ያውም የማቀዝቀዣ ውኃሽን ካስተካከልሽ በኋላ። "ሠራተኛ ትቀንሳላችሁ" የሚለውን ደግሞ ከሂሳብሽ አውጪው። እኔ በፕላስቲክ ፋብሪካ ጥገና አዲስ አበባም ጅማም ሠርቻለሁ። በደመወዝ ብቻ ዋጋውን የመለሰ ሮቦት ግን እስካሁን አላየሁም። ያ ሂሳብ የኦፐሬተር ደመወዝ ውድ የሆነበት አገር ሂሳብ ነው። አስመጪው ከካታሎጉ ላይ እንዳለ አንብቦልሻል።

ሮቦት የሚሰጥሽ ዋናው ነገር የማይዛነፍ ሰዓት ነው። አስቢው። ኦፐሬተሩ የማሽኑን በር ይከፍታል፣ ሳፋውን ያወጣል፣ በሩን ይዘጋል። ጠዋት 6 ሰከንድ ይፈጅበታል። ከምሳ በኋላ 9። ስልክ ከተደወለለት 20። ያን ሁሉ ጊዜ ፕላስቲኩ ባሬል (የማቅለጫው ቱቦ) ውስጥ ተኝቶ ይግላል፣ ሞልዱ (ሳፋው ቅርጽ የሚይዝበት ባለ ሁለት ክፍል ብረት) ደግሞ ይቀዘቅዛል። ቀጥሎ የሚወጣው ሳፋ ወይ ጠርዙ ላይ ትርፍ ፕላስቲክ ያወጣል፣ ወይ ሳይሞላ ይቀራል። ከዚያ ማስተካከል ይጀመራል። የቀኑ ሺፍት ግፊት ይጨምራል፣ የማታው ይቀንሳል፣ ጠዋት ሁለቱ ይካሰሳሉ። ሞልዱ ተበላሸ እየተባለ ስንት ጊዜ ተፈትቷል መሰለሽ! ሞልዱ ምንም አልነበረበትም።

በቁጥር እንየው። ለምሳሌ ያህል አንድ ሳፋ በ32 ሰከንድ ይወጣል እንበል። በሰዓት 112 ገደማ ነው። ሮቦት ገብቶ 27 ሰከንድ ላይ ቢረጋ 133 ይሆናል። በ10 ሰዓት ሥራ የ200 ሳፋ ልዩነት ነው። ይሄን ሁሉ ሳፋ ገበያው የሚያነሳልሽ ከሆነ ሮቦቱ ይታሰባል። መጋዘን ውስጥ የሚደረደር ከሆነ ግን ይቅርብሽ።

ታዲያ እነዚያን 5 ሰከንዶች ከሌላ ቦታ በርካሽ ማግኘት ይቻላል። ከዑደቱ፣ ማለትም አንድ ሳፋ ተሠርቶ እስኪወጣ ካለው ጊዜ፣ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው አብዛኛውን ጊዜ ማቀዝቀዣው ነው። ውኃውን ከጣሪያ ሮቶ የምታዞሪ ከሆነ ከሰዓት በኋላ ሞቆ ነው ሞልዱ የሚገባው። ቺለር (ውኃ የሚያቀዘቅዝ ማሽን) ግጠሚ። የሞልዱን የውኃ መስመር ከዝገትና ከደለል አጽጂ። የሳፋሽን ውፍረትም ለኪ። የማቀዝቀዣ ጊዜ በውፍረቱ ስኩዌር ነው የሚያድገው። 2 ሚሊ ሜትር የነበረው 2.5 ከሆነ፣ የማቀዝቀዣው ጊዜ ከግማሽ በላይ ይጨምራል። ይሄን ሳትነኪ ሮቦት ብትገጥሚ፣ ሮቦቱ ክንዱን አንጠልጥሎ ሳፋው እስኪቀዘቅዝ ይጠብቃል።

ክዳኑን ለምን አትግዢ አልኩ? ክዳን በራሱ ይወድቃል። ከሥሩ ኮንቬየር አድርጊ፣ ማሽኑን ከሰሚ አውቶማቲክ (ለየዑደቱ ሰው በር ከሚዘጋበት) ወደ ሙሉ አውቶማቲክ (ራሱ ወደሚደጋግምበት) ቀይሪው፣ አለቀ። የሚያሰጋው አንድ ክዳን ሳይወድቅ ቀርቶ ሞልዱ ላዩ ላይ ሲዘጋ ነው። ለዚያ የማሽኑን የሞልድ መከላከያ ግፊት (ሞልዱ ሊዘጋ ሲቃረብ የሚገፋበትን ኃይል) ዝቅ አድርገሽ አስተካክዪ። መውደቁን የሚያይ ሴንሰር ጨምሪበት። እነዚህ ከሮቦት ጋር ሲተያዩ ዋጋቸው እዚህ ግባ አይባልም።

የሳፋውና የበርጩማው ነገር ይለያል። ሳፋ ከወደቀ ይጫጫራል። በርጩማ ደግሞ ከባድና ትኩስ ነው፣ ሰው ክንዱን ሁለቱ የሞልድ ብረቶች መካከል ከትቶ ነው የሚያወጣው። (የጅማን የእንጨት በርጩማ የሚያህል የለም፣ እሱን አልከራከርም፤ ግን ቡና የምትሸጥ ልጅ ሁሉ ፕላስቲኩ ላይ ነው የምታስቀምጥሽ።) እንዲያውም የዓለም የመጀመሪያው የፋብሪካ ሮቦት፣ ዩኒሜት የሚባለው፣ በ1961 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ጄኔራል ሞተርስ ውስጥ የተቀጠረው ለዚህ ዓይነት ሥራ ነበር። ከሞልድ የሚወጣ ትኩስ የብረት ቀረጻ ያነሳ ነበር። ያኔም ሰው እጁን እንዳይከት ነው።

የምትፈልጊው ማሽኑ አናት ላይ የሚገጠመውን ባለ 3 አክሲስ (በሦስት አቅጣጫ የሚንቀሳቀስ) ሮቦት ነው። መኪና ሲገጣጥም ቪዲዮ ላይ የምታዪው ባለ 6 አክሲስ ክንድ ሳፋ ለማውጣት ትርፍ ወጪ ነው። ከሰው ጎን የሚሠራው ኮቦትም ቀስ ስለሚል ለዚህ አይሆንም።

አሁን ካታሎጉ ላይ የማታገኚውን ልንገርሽ። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,750 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየር ግፊታችን 82 ኪሎ ፓስካል አካባቢ ነው፤ ባሕር ዳርቻ 101 ነው። ሮቦቱ ሳፋውን የሚይዘው በጎማ መምጠጫ ነው፣ መምጠጫውን የሚጫነው ደግሞ ይሄው የውጭ አየር ነው። ባለ 40 ሚሊ ሜትር መምጠጫ በ60 በመቶ ቫክዩም (ከውስጡ አየር 60 በመቶው ሲመጠጥ) ባሕር ዳርቻ ላይ ወደ 75 ኒውተን ይይዛል። እዚህ 62 ብቻ። አምስተኛው ያህል ጠፋ ማለት ነው። ሻጩ ናሙናውን ፋብሪካው ውስጥ ሞክሮ ቪዲዮ ይልክልሽና ጅማ ሲመጣ ሳፋው መሃል መንገድ ላይ ይወድቃል። ስታዢ ከፍታውን ንገሪው። መምጠጫው አንድ መጠን ከፍ ይበል፣ ወይም ቁጥሩ ይጨመር። ኮምፕረሰርሽም እዚህ የሚስበው አየር ስስ ስለሆነ ልኩን ከፍ አድርገሽ ምረጪ። ጀነሬተሩም እንደዚያው፣ ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ሙሉ ኃይል ላይሰጥሽ ይችላል። የጅማ አየር እርጥብ ስለሆነ አየር ማድረቂያ ካልገጠምሽ ውኃው ቫልቮቹን ይበላቸዋል። በተለይ ክረምት ላይ።

መብራት። ግልገል ጊቤ አንድ 184 ሜጋ ዋቱን ይዞ አፍንጫችን ሥር ነው፣ እኛ ግን ሻማ አንለይም። መብራት ሲሄድ ሮቦቱ ሞልዱ ውስጥ ሊሆን ይችላል። ሦስት ነገር ከሻጩ በጽሑፍ ተቀበዪ። መብራት ሲጠፋ መምጠጫው የያዘውን ዕቃ የማይለቅ ቫልቭ ይኑረው። መቆጣጠሪያው በዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በሚይዝ ባትሪ) ይሁን። መብራት ሲመጣ ደግሞ ክንዱ መጀመሪያ ወደ ላይ ወጥቶ፣ ከዚያ ወደ ጎን እንዲሄድ ይደረግ። መጀመሪያ ወደ ጎን ከሄደ የማሽኑን ምሰሶ ነው የሚመታው። አንድ ፋብሪካ ውስጥ እንዲህ ሆኖ የተጣመመ ክንድ ለማቅናት ስንታገል ነበር። ከጀነሬተር በኋላ የሚወጡትን የመጀመሪያ ሳፋዎችም ሮቦቱ ለብቻ እንዲጥላቸው ፕሮግራም ይደረግ። ባሬል ውስጥ የቆየ ፕላስቲክ ናቸውና ከደህናው ጋር መደባለቅ የለባቸውም። ክሬሸር (የፕላስቲክ መፍጫው) ይብላቸው።

ጣሪያሽን ለኪ። የሮቦቱ ክንድ ሲነሳ ማሽኑ አናት ላይ ብዙ ቦታ ይፈልጋል። በኪራይ ሼድ ውስጥ ቆርቆሮውን የሚነካ ሮቦት ገዝቶ ግድግዳ ሥር ያቆመ ሰው አውቃለሁ።

ማሽንሽ ያገለገለ ከሆነ ከሮቦት ጋር የሚነጋገርበት ሶኬት መኖሩን እዪ። አዲሶቹ ላይ ዩሮማፕ 67 የሚባለው አለ። ከሌለ በሪሌ (በኤሌክትሪክ በሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) ማሰር ይቻላል፣ ግን የሚያውቅ ኤሌክትሪሺያን ይሥራው። ምክንያቱም በዚያ መስመር ላይ ሕይወት የሚያድኑ ሁለት ምልክቶች አሉ። ማሽኑ "ሞልዱ ተከፍቷል፣ ግባ" ይላል። ሮቦቱ "ወጥቻለሁ፣ ዝጋ" ይላል። አንዱን በሽቦ አገናኝቶ ማለፍ ማለት ብረት ብረትን እንዲጨፈልቅ መፍቀድ ነው። በሩ ሲከፈት ማሽኑን የሚያቆመው ማብሪያ ማጥፊያም እንዲሁ። ሮቦት ስላለ በሩ ክፍት ይሁን የሚልሽን ቴክኒሺያን ከግቢሽ አስወጪው። ሮቦቱ ዕቃ የሚያስቀምጥበትን ቦታም አጥሪው።

ዋጋውን አልነግርሽም፣ በየሳምንቱ ይለያያል። ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫ ምን እንደሆነ አንቺም ታውቂዋለሽ። ስለዚህ ሮቦቱን ስታዢ የሚያልቁትን አብረሽ እዘዢ። መምጠጫ ጎማ፣ የአየር ቱቦ፣ ቫልቭ፣ ሴንሰር። አንድ ጎማ ተቀዶ ሮቦቱ ወር ሙሉ ቢቆም፣ ኦፐሬተሩን ወደ በሩ ትመልሺዋለሽ።

ስለሠራተኛው ልጨምር። በሩ ላይ የነበረውን ልጅ አታሰናብቺው። ጥፋት ያለበትን ሳፋ ከሩቅ የሚለየው እሱ ነው። የሮቦቱን ስልጠና እሱ ይውሰድ፣ ያልተስተካከለ ጠርዝ ይከርክም፣ ይቁጠር፣ ያሽግ። ለፕሮግራሙ ደግሞ ከጅማ ዩኒቨርሲቲ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ለተግባር ልምምድ የሚወጡ የኤሌክትሪካልና የሜካኒካል ተማሪዎችን ጠይቂ። ባለ 3 አክሲስ ሮቦት ነጥብ በነጥብ ነው የሚማረው፣ ጎበዝ ልጅ ቶሎ ይይዘዋል። ሻጩ ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር እስኪመጣ ከመጠበቅ ይሻላል።

እስከዚያ አንድ ሥራ ልስጥሽ። ለአንድ ሳምንት በሁለቱም ሺፍት የሳፋውን ማሽን ዑደት በስልክሽ ለኪ። በሩ ስንት ሰከንድ ተከፍቶ እንደሚቆይ ለብቻው መዝግቢ። የማሽኑን ስም ሰሌዳ ፎቶ፣ ሞልዱ ሲከፈት መሃሉ ላይ ያለውን ክፍተትና ከማሽኑ አናት እስከ ጣሪያ ያለውን ቁመት እዚሁ ለጥፊልን። እኔም አያለሁ፣ ከእኔ የተሻለ የሚያውቁ ወንድሞችም እዚህ አሉ።