ኮዴክ መጫን ክህደት ነው ወይ ላልከው ወንድሜ

ኮዴክ፣ ማለትም የቪዲዮና የድምፅ ፋይል መክፈቻ ፕሮግራም፣ ልጫን ወይ የሚለውን ጥያቄህን አነበብኩት። ኡቡንቱን፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነውን ነፃ የሊኑክስ ሲስተም፣ ጭነሃል፤ የወንድምህ የሠርግ ቪዲዮ ግን የማይክሮሶፍት የቪዲዮ ፎርማት በሆነው በደብሊው ኤም ቪ ነው የተቀመጠው። ጓደኛህ ደግሞ «ነፃ ሶፍትዌር ይዘህ የማይክሮሶፍትን ፎርማት ከከፈትክ ምኑን ነፃ ወጣህ?» ብሎሃል። እኔም እዚሁ ጎንደር በዚህ ነገር ተንገብግቤያለሁና ረዘም አድርጌ ልመልስልህ።

1. ኮዴክ ሁሉ አንድ አይደለም። ድሮ ሊኑክስ ላይ እንዲህ ዓይነት ቪዲዮ ለማየት ከዊንዶውስ የተወሰዱ ዲኤልኤል የሚባሉ የፕሮግራም ፋይሎች ይጫኑ ነበር። ውስጣቸውን ማየት አይቻልም። ጓደኛህ እነሱን ማለቱ ከሆነ ልክ ነው። ዛሬ ቪኤልሲ የተባለው ማጫወቻ ቪዲዮህን የሚከፍተው ኤፍኤፍኤምፔግ በተባለ ነፃ የኮዴኮች ስብስብ ነው። ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው። ፎርማቱን ከውጭ ሆነው መርምረው፣ መክፈቻውን ራሳቸው የጻፉት ሰዎች አሉ። እኔ ይህን ክህደት አልለውም፤ ትልቅ ውለታ ነው።

2. የተዘጋ ፎርማት ሌላ፣ የተቆለፈ ፋይል ሌላ። እኔን ያቃጠለኝ ይሄኛው ነው። አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ አቋቋም የተማሩት እዚሁ ጎንደር በአታ ቤተ ክርስቲያን ነው። ድምፃቸው ገና ጉልበት ሳለው በካሴት የተቀረጸ ነበር። ፒያሳ አካባቢ ያለ አንድ ቤት ወስደን ወደ ሲዲ አስገለበጥነው። ሰውየው ሲዲውን መልሶ በራሱ ኮምፒውተር ወደ ደብሊው ኤም ኤ፣ ወደ ማይክሮሶፍት የድምፅ ፎርማት፣ ቀየረና በፍላሽ ሰጠን። በዚያ ጊዜ የዊንዶውስ ማጫወቻ ከሲዲ ሲገለብጥ ፋይሉን የመቆለፍ ምርጫ ነበረው። ሰውየው አላጠፋውም። የተቆለፈውን ፋይል የሚከፍተው ፈቃድ ያለው እሱ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው። በኋላ ኮምፒውተሩን ፎርማት አድርጎ ያለውን ሁሉ አጠፋው፤ የአባቴ ድምፅም አብሮ ተቆለፈ። ሲዲው ደግሞ ተጫጭሮ አልነበብ አለ።

ሄጄ ስጠይቀው ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። «ካሴቱን አምጣና እንደገና ክፈል» አለ። የአባቴን ዜማ ለመስማት ከማን ፈቃድ እንደምጠይቅ እስካሁን የሚነግረኝ አላገኘሁም። ቪኤልሲም ቢሆን እንዲህ የተቆለፈ ፋይል አይከፍትም። አሜሪካ ውስጥማ እ.ኤ.አ. በ1998 በወጣ ሕግ ቁልፉን መስበር ራሱ ክልክል ነው።

ደግነቱ እናቴ ካሴቶቹን አልጣለችም። ኦዳሲቲ በተባለ ነፃ የድምፅ መቅረጫ ፕሮግራም አንድ በአንድ ቀርጬ ፍላክ በተባለ የድምፅ ፎርማት አስቀመጥኳቸው። ፍላክ ክፍት ነው፤ ከድምፁም ምንም አይቀንስም። አሁን የአባቴ ተማሪዎች በስልካቸው እየሰሙ ያጠናሉ። በዚህ ሥራዬ እኮራለሁ።

ሦስተኛው ነጥቤ ከዚሁ የሚወጣ ነው። የጓደኛህን ሐሳብ የሚይዙ ብዙ ቁም ነገረኞች አሉ። የነፃ ሶፍትዌር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ሰው ኤም ፒ 3ን ትቶ ክፍት የድምፅ ፎርማት የሆነውን ኦግ ቮርቢስን እንዲጠቀም ዘመቻ አካሂዷል። የድርጅቱ ዋና ምክንያት ኤም ፒ 3 በፓተንት፣ በፈጠራ ባለቤትነት መብት፣ የታሰረ መሆኑ ነበር። እንደ ጓደኛህ የሚያስቡት ደግሞ ነፃው ፕሮግራም ሁሉን ከከፈተ ከተዘጋው ፎርማት ለመውጣት ማን ይቸኩላል ይላሉ። ከዛሬ ጀምሮ ለምንቀርጸው ነገር ይህ ክርክር ያሳምነኛል። ሌላ ሰው ቀድሞ ለዘጋብን ግን አይሠራም። ወንድምህ ሲሞሸር ፎርማቱን የመረጠው ቪዲዮ ቀራጩ ነው። ያንን ፋይል የሚያነብ ነፃ ፕሮግራም ከሌለ ወደ ዊንዶውስ መመለስህ ነው፤ ያኔ ማን ተጠቀመ? በነገራችን ላይ የኤም ፒ 3 ጣጣ አልቋል። የጀርመኑ የምርምር ተቋም ፍራውንሆፈር የኤም ፒ 3 የፓተንት ፈቃድ መሸጡን እ.ኤ.አ. በ2017 አቁሟል።

ስለዚህ ያለ ሐሳብ ክፈተው። ፋይሉ አልከፈት ካለህ ግን መጀመሪያ የተቆለፈ መሆን አለመሆኑን እይ። ወደ ሌላ ፎርማት ስትቀይር ጥራቱ ትንሽ ይወርዳልና ደብሊው ኤም ቪውን እንዳታጠፋው። ቀራጩ አሁንም ሥራ ላይ ካለ ደግሞ ካሜራው ያወጣውን ዋናውን ፋይል ጠይቀው። ዛሬ ነገ ሊልህ ይችላል፤ ሃርድ ዲስክህን ይዘህ ሂድና እዚያው ቁጭ ብለህ አስገልብጥ።