ቡችላው ያገኘውን ሁሉ ሲያኝክ

ጥያቄ፦ የ4 ወር ወንድ ቡችላ አለን። ጫማ፣ የሶፋ ጠርዝ፣ የወንበር እግር፣ የልጆች መጫወቻ፣ ብቻ ጥርሱ የደረሰበትን ሁሉ ያኝካል። «ተው!» ብለን ስንጮህ ለአፍታ ይተዋል፤ ዞር ስንል ይመለስበታል። ከሥራ ስንገባ የተቀዳደደውን ዕቃ አፍንጫው ሥር አድርገን እንቆጣዋለን። ጆሮውን ጥሎ፣ ጅራቱን እግሮቹ መሃል ሸጉጦ ይሸማቀቃል። ጥፋቱን እያወቀ ለምን ይደጋግመዋል? እንዴትስ እናስተወው?

መልስ፦ የ4 ወር ቡችላን ጨርሶ እንዳያኝክ ማድረግ አይቻልም፤ መሞከርም የለበትም። በእናንተ እጅ ያለው ምን እንደሚያኝክ መምረጥ ነው። ሥራችሁን በዚህ በኩል ከጀመራችሁት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ለውጥ ታያላችሁ።

ቡችላ 28 የወተት ጥርሶች አሉት። ከ3 ወር ተኩል ገደማ ጀምሮ እየወለቁ በ42 ቋሚ ጥርሶች ይተካሉ። በመጀመሪያ የፊት ጥርሶች ይቀየራሉ፤ 5 እና 6 ወር ላይ ክራንቻዎቹ ይከተላሉ፤ የኋላ መንጋጋዎቹ አብዛኛውን ጊዜ እስከ 7 ወር ይጠናቀቃሉ። በእነዚህ ወራት ድዱ ያብጣል፣ ይጠዘጥዘዋል፤ ሲነክስ ደግሞ ይቀልለዋል። መጫወቻው ላይ ትንሽ ደም ወይም ወለሉ ላይ የሩዝ ፍሬ የምታህል ጥርስ ብታገኙ አትደንግጡ። አብዛኞቹን ጥርሶች ከምግቡ ጋር ይውጣቸዋል፤ ጉዳት የላቸውም። ሐኪም ማየት ያለበት የወተቱ ክራንቻ ሳይወልቅ አዲሱ ከጎኑ ሲበቅል ነው። ይህ በትናንሽ ዝርያዎች ላይ ይበዛል፤ ካልተነቀለ አዲሱን ጥርስ ያጣምመዋል።

ጥፋቱን ያውቃል ስለምትሉት፦ አያውቅም። አሌክሳንድራ ሆሮዊትዝ የተባለች የውሻ ባሕርይ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተመችው ጥናት፣ ውሾች ያንን የመሸማቀቅ መልክ ይበልጥ የሚያሳዩት ጌታቸው ሲቆጣቸው ነበር፤ የተከለከሉትን ምግብ ይብሉትም አይብሉት ለውጥ አልነበረውም። የእናንተን ፊትና ድምፅ እያነበበ ነው። ውሻ ቅጣትንም ሽልማትንም የሚያያይዘው በዚያችው ቅጽበት ከሚያደርገው ነገር ጋር ነው። ከሰዓታት በፊት ላኘከው ጫማ ስትቆጡት የሚማረው ወደ ቤት ስትገቡ መፍራትን ብቻ ነው። በተግባሩ ላይ ስትጮሁበት ደግሞ ማኘኩን ሳይሆን እናንተ ባላችሁበት ማኘክን ይተዋል። ስለዚህ ዞር ስትሉ ይመለስበታል።

እንግዲህ ከቤቱ ጀምሩ። ማኘክ በራሱ ደስ ይለዋል፤ ማንም ሳይሸልመው የተሸለመበት ነገር ነው። አንድ ጫማ ባኘከ ቁጥር ጫማ ጥሩ ነገር መሆኑን አንድ ጊዜ ይማራል። በጉልበታችሁ ተንበርክካችሁ ክፍሉን በእሱ ዓይን ተመልከቱት። ጫማ ወደ ቁም ሳጥን ይግባ፤ የቻርጀር ገመድ ከመሰኪያው ይነቀልና ይነሣ፤ የቆሻሻ መጣያው ክዳን ይኑረው፤ መድኃኒት፣ ማስቲካ እና ቸኮሌት ከፍ ያለ ቦታ ይቀመጡ። ማስቲካን ለይተን ያነሣነው ያለምክንያት አይደለም፤ ስኳር አልባ በሆኑት ውስጥ የሚገባው ዛይሊቶል የተባለ ማጣፈጫ በጥቂት መጠን እንኳ የውሻን የደም ስኳር በአደገኛ ሁኔታ ያወርዳል።

ማንሳት የማይቻለውን፣ ማለትም ሶፋውንና የወንበሩን እግር፣ የምትጠብቁት ቡችላውን በመከለል ነው። የሚታጠፍ አጥር ተጠቅማችሁ አንድ ጥግ አዘጋጁለት፤ መኝታው፣ ውኃው እና ሁለት የሚያኝካቸው ነገሮች ይኑሩበት። ዓይናችሁ እሱ ላይ መሆን በማይችልበት ሰዓት ሁሉ እዚያ ይዋል። ይህ ቦታ የቅጣት ክፍል እንዳይሆን ምግቡን እዚያው ስጡት፤ መጀመሪያ እናንተ አጠገቡ ተቀምጣችሁ በሩን ለ1 ደቂቃ ዝጉት፤ ከዚያ ቀስ በቀስ አርዝሙት። በ4 ወሩ ቀን ላይ ያለ ሰው ከ3 እስከ 4 ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም። ሙሉ ቀን ሥራ የምትውሉ ከሆነ እኩለ ቀን ላይ የሚያስወጣው ሰው ያስፈልጋል። ይህ ካልተሟላ ቀሪው ምክር ብዙም አይጠቅማችሁም።

ቀጥሎ የራሱ የሚያኝከው ነገር። ብዙ ሰው አሥር መጫወቻ ወለሉ ላይ በትኖ ቡችላው አንዱንም ሳይነካ ጫማ ሲፈልግ ይገርመዋል። ሁልጊዜ ፊቱ ያለ ነገር ይሰለቸዋል። ሦስት ብቻ አውጡለት፤ ቀሪውን ደብቁና በየ3 ቀኑ ቀያይሩ። ከሁሉ የምንመርጠው ውስጡ ክፍት የሆነ፣ ለቡችላ የተሠራ የጎማ መጫወቻ ነው። ከቀን ምግቡ ላይ ቀንሳችሁ ደረቁን ምግብ ለብ ባለ ውኃ 20 ደቂቃ ዘፍዝፉ፤ ሲለሰልስ ጎማው ውስጥ እስከ ሁለት ሦስተኛው ሙሉት። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሳይቀዘቅዝ ስጡት፤ ገና ሳይለምድ ከበረደ ምግቡ አልወጣ ሲለው ትቶት ይሄዳል። ሲለምድ ለ4 ሰዓት ያህል በረዶ ቤት አስገቡት። ቅዝቃዜው ድዱን ያደነዝዝለታል፤ ምግቡም ቶሎ ስለማያልቅ ረዘም ላለ ጊዜ ይይዘዋል። እርጥብ ፎጣ ጠቅልሎ አቀዝቅዞ መስጠት የተለመደ ምክር ነው፤ ድዱን ያበርዳል። እኛ ግን አንመክረውም፤ ዛሬ የሰጣችሁትን ፎጣ ነገ መታጠቢያ ቤት ከተሰቀለው ሊለየው አይችልም። አሮጌ ጫማ ለመጫወቻ መስጠትም ያው ነው፤ ለእሱ አሮጌና አዲስ ጫማ አንድ ዓይነት ሽታ ያለው አንድ ዓይነት ነገር ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላም የተከለከለ ነገር አፉ ውስጥ መግባቱ አይቀርም። ያኔ አታባርሩት፤ መባረር ከጨዋታ ሁሉ የሚወደው ጨዋታ ነው። አፉንም በኃይል አትክፈቱ፤ ይህን የለመደ ቡችላ ያገኘውን ደብቆ ያኝካል፣ ሰው ሲጠጋው ይውጠዋል፣ ሲያድግ ደግሞ ጥርሱን ያሳያል። በምትኩ «ልቀቅ»ን አስተምሩት። ልምምዱ የሚጀመረው በተሰረቀ ጫማ ሳይሆን በራሱ ተራ መጫወቻ ነው። መጫወቻውን ሲይዝ አንድ ቁራሽ የሚወደው ምግብ አፍንጫው ላይ አድርሱ፤ አፉን ሲከፍት «ልቀቅ» በሉና ምግቡን ስጡት፤ ከዚያ መጫወቻውን መልሱለት። መመለሱን አትዝለሉት፤ መልቀቅ ማጣት እንዳልሆነ የሚያውቀው በዚህ ነው። በቀን ሁለት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ 10 ያህል ድግግሞሽ በቂ ነው። ከ1 ሳምንት በኋላ ቃሉን ከምግቡ በፊት አስቀድሙ፤ ቃሉን ሰምቶ ሲለቅ ብቻ ምግቡ ከኪስ ይውጣ። ይህን ደረጃ የዘለሉ ሰዎች ውሻቸው ምግብ ካላየ አይለቅም። አንዳንድ ብልህ ቡችላ ደግሞ ለመሸለም ሲል ዕቃ መስረቅ ይጀምራል። መፍትሔው ማንም ሳያዘው የራሱን መጫወቻ ሲያኝክ ባያችሁት ቁጥር አንድ ፍሬ ምግብ አጠገቡ ጣል ማድረግ ነው። ሰው ይህን ይረሳዋል፤ ቡችላ ጸጥ ብሎ ደግ ሥራ ሲሠራ ማንም ዞር ብሎ አያየውም።

አንድ ነገር እንጨምር። በዚህ ዕድሜ ያለ ቡችላ በቀን ውስጥ ከ18 እስከ 20 ሰዓት ይተኛል። ምሽት ላይ ያበደ ይመስል እየሮጠ የሚነክስና የሚቀድድ ከሆነ ምናልባት ጨዋታ አንሶት ሳይሆን እንቅልፍ አጥቶ ነው። ከ1 ሰዓት ያህል ንቃት በኋላ ወደ አጥሩ አስገብታችሁ መብራቱን ቀንሱለት፤ ብዙውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ይተኛል።

ጥያቄ፦ የጠረጴዛችን እግሮች ተበልተው ሊያልቁ ነው። መራራ የሚረጭ ነገር አለ ሲሉ ሰማሁ። ሚጥሚጣ ብንቀባበትስ?

መልስ፦ ሚጥሚጣውን ይተዉት። በመዳፉ ይዞ ዓይኑን ሲያሽ ያቃጥለዋል፤ ለቤቱ ልጆችም አይበጅም። በረኪናም እንዲሁ አይታሰብ።

ለዚህ ተብሎ የሚሸጠው መራራ ፈሳሽ ይረዳል፤ ብቻውን ግን አይበቃም። ሰዎች ረጭተው «አልሠራም» የሚሉት ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ስላላስተዋወቁት ነው። ጥቂት ጥጥ ላይ ረጭተው አፉ ውስጥ ሳያስገድዱ ያቅርቡለት። ቀምሶ ከተፋው ወይም ራሱን ካራገፈ ሽታውን ከምሬቱ ጋር ያያይዘዋል፤ ከዚያ በኋላ ጠረጴዛው ገና ሲሸተው ይርቀዋል። ጥጡን እንዳይውጥ በእጅዎ ይያዙት። እግሮቹን በየቀኑ ለ3 ሳምንት ያህል ይርጩ፤ ምሬቱ በአንድ ቀን ውስጥ ይደክማል። ቀለሙን እንዳያበላሽ በማይታይ ቦታ አስቀድመው ይሞክሩት። መራራ የማይከብዳቸው ውሾችም አሉ፤ የእርስዎ ከእነሱ አንዱ ከሆነ በአጥር መከለሉ ብቻ ነው ያለው። በኤሌክትሪክ ገመድ ላይ ግን በመራራ ፈሳሽ አይተማመኑ፤ ገመዱን በጠንካራ የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ያስገቡት።

ጥያቄ፦ አጥንት ብንሰጠው ምን አለበት?

መልስ፦ የበሰለ አጥንት በፍጹም አይስጡት። ሲበስል ይደርቃል፤ ሲነከስ እንደ ስንጥር ይሰነጠቅና ጉሮሮ ወይም አንጀት ይወጋል። የእንስሳ ቀንድና ሰኮናም ቢሆን ጥርስ ሊሰብሩ እስኪችሉ ድረስ ይጠነክራሉ፤ ብዙ ጊዜ የሚሰበረው ከላይ በጎን በኩል ያለው ትልቁ መቁረጫ ጥርስ ነው። መለኪያው ቀላል ነው፦ ጥፍርዎን ዕቃው ላይ ሲጫኑት ትንሽ ካልሰረጎደ ለጥርሱ ይከብዳል። መጠኑም ሙሉ በሙሉ አፉ ውስጥ የማይገባ ይሁን። ከዛፍ የወደቀ እንጨት ላንቃው ላይ ተሻግሮ ይሰነቀራል። የገመድ መጫወቻ እርስዎ በያዙበት ለመጓተት ጥሩ ነው፤ ብቻውን ሲሆን ግን ክሩን እየመዘዘ ይውጣል። ማንኛውንም መጫወቻ በየሳምንቱ ይመርምሩ፤ ቁራሽ የለቀቀውን ያስወግዱ።

ጥያቄ፦ ውሻዬ 9 ወሯ ነው፤ ጥርሷን ቀይራ ጨርሳለች። ቤት ስሆን ምንም አትነካም። ስወጣ ግን የበሩን መቃን ትገጣለች፤ ስመለስ ደረቷ በልጋግ ርሶ አገኛታለሁ።

መልስ፦ ከ7 ወር በኋላ ሁለተኛ የማኘክ ወቅት መኖሩ እውነት ነው፤ በጉርምስና ላይ ያለች ውሻ ኃይሏ ሞልቶ እስከ ዓመት ተኩል ድረስ ልታኝክ ትችላለች። የእርስዎ ግን ያ አይመስለንም። የሰለቻት ውሻ ያገኘችውን ትራስና ጫማ ትቀድዳለች፤ በርና መስኮት ላይ ብቻ ማተኮር፣ ልጋግ መዝረብረብ እና ሰው ሲኖር ጨርሶ አለመንካት ብቻዋን መሆን እንደሚያስጨንቃት ይጠቁማሉ። ለማረጋገጥ ስልክዎን ቪዲዮ ላይ አድርገው ይውጡና የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ይቅረጹ። በር ላይ መመላለስ፣ ማለክለክና መጮህ ወዲያው ከጀመሩ ጭንቀት ነው።

ከሆነ በሳጥን ወይም በአጥር ውስጥ አይዝጉባት፤ ለመውጣት ስትታገል ጥርሷንና ጥፍሯን ትሰብራለች። መራራውም ፈሳሽ አያቆማትም። መድኃኒቱ መለየትን በጥቂት በጥቂቱ ማለማመድ ነው፦ ከበሩ ውጭ 5 ሰከንድ፣ ከዚያ 10፣ ከዚያ 30፤ ሁልጊዜ መጨነቅ ሳትጀምር ይመለሱ። ከተጨነቀች ወደ ቀደመው ጊዜ ይውረዱ። ሥልጠናው እስኪያልቅ ድረስ ከምትችለው በላይ ብቻዋን ላለመተው የሚያግዝዎት ሰው ይፈልጉ፤ በመሃል አንድ ረጅም ቀን ብቻዋን ብትውል የሳምንታቱን ልፋት ይመልሰዋል። የእንስሳት ሐኪም ዘንድም ይውሰዷት፤ ለከባድ ጭንቀት ከሥልጠናው ጋር የሚታዘዝ መድኃኒት አለ።

ጥያቄ፦ ካልሲ ሳይውጥ አልቀረም። ደህና ይመስላል። መጠበቅ እንችላለን?

መልስ፦ አትጠብቁ፤ አሁኑኑ ሐኪም ጋ ደውሉ። በመጀመሪያዎቹ 2 ሰዓታት ገደማ ዕቃው ገና ጨጓራ ውስጥ ሊሆን ስለሚችል ሐኪሙ ያለ ቀዶ ጥገና ሊያስመልሰው ይችላል። አንጀት ውስጥ ከገባ አንጀቱን ሊዘጋው ይችላል። እናንተ ራሳችሁ አታስመልሱት፤ የጨው ውኃ መስጠት ራሱ ይመርዘዋል፤ ስል ነገር ወይም ባትሪ ውጦ ከሆነ ደግሞ ሲመለስ ጉሮሮውን ዳግም ይጎዳል። ከአፉ ወይም ከፊንጢጣው ክር ተንጠልጥሎ ብታዩ አትጎትቱ፤ ሌላኛው ጫፍ ውስጥ ተይዞ ከሆነ አንጀቱን ይቆርጠዋል። ተደጋጋሚ ትውከት፣ ምግብ መተው፣ ሆድ ሲነካ ማቃሰት እና አለመጸዳዳት የመዘጋት ምልክቶች ናቸው፤ አንዳንዴ የሚታዩት ከቀናት በኋላ ነው።

የኤሌክትሪክ ገመድ ነክሶ ከሆነ ውሻውን ከመንካታችሁ በፊት ቆጣሪው ላይ ኃይሉን አጥፉ። ተነሥቶ ቢራመድ እንኳ ወደ ሐኪም ይሂድ፤ ሳንባው ውስጥ ፈሳሽ የሚጠራቀመው ከሰዓታት በኋላ ሊሆን ይችላል። ስትሄዱ የተረፈውን ቁራሽ ወይም የዕቃውን ማሸጊያ ይዛችሁ ሂዱ፤ ምን ያህል እንደጎደለው፣ በስንት ሰዓት እንደሆነና የውሻውን ክብደትም ንገሩ።