መስመር በመስመር ላይ ሲያልፍ፦ ነጭ ሳንሞላ እንዴት እንደብቀው?

ሐረግ፣ ማለትም የብራና መጻሕፍትን ጥልፍልፍ ጌጥ፣ በኮምፒውተር ስለመሥራት ከጻፍኩ ወዲህ የሚደርሰኝ ጥያቄ ዞሮ ዞሮ አንድ ነው። ሁለት መስመር ሲተላለፍ ከሥር ያለውን እንዴት እንደብቀው? የተለመደው መልስ «ከላይ ያለውን ቅርጽ ነጭ ሙላው» ነው። ነጭ ወረቀት ላይ ያስኬዳል። ባለቀለም ጨርቅ ላይ ወይም ሌዘር መቁረጫ ላይ ግን ጉድ ያፈላል። ለዚህ ነው ዛሬ የጥያቄውን በር የከፈትኩት።

ከባሕር ዳር፦ የጣና ታንኳ ሳልኩ። የሞገዱ መስመር በታንኳው ሆድ ውስጥ ያልፋል። ነጭ ስሞላው ይጠፋል፣ ግን ሥራው ሰማያዊ ቲሸርት ላይ የሚታተም ነው። የምሠራው ኢንክስኬፕ በሚባለው የሥዕል ፕሮግራም ነው፣ ምን ላድርግ?

እህቴ፣ ሞገዱን አትሸፍኚው፣ ቁረጪው። መጀመሪያ የታንኳው ዙሪያ አንድ የተዘጋ መስመር መሆኑን አረጋግጪ። ቀጥሎ ኮንትሮልና ዲ ተጭነሽ የታንኳውን ቅጂ አውጪ። ይህን እንዳትረሺ፣ ምክንያቱም መቁረጫ የሆነው ቅርጽ ሥራውን ሲጨርስ ይጠፋል። ሞገዶቹን ሁሉ በኮንትሮልና ኬ አንድ ላይ አጣምሪ። ቅጂው ከላይ፣ ሞገዱ ከታች ሆኖ ሁለቱንም መርጠሽ ፓዝ (መስመር) ከሚለው ማውጫ «ከት ፓዝ» በይ። ሞገዱ ታንኳውን በነካበት ቦታ ሁሉ ይበጠሳል። ታንኳው ውስጥ የቀሩትን ቁራጮች ዲሊት አድርጊ፣ አለቀ። አሁን ሰማያዊም ይሁን ቀይ ጨርቅ ላይ ቢታተም ችግር የለውም።

ከፍኖተ ሰላም፦ ስክሪኑ ላይ ሁሉም ልክ ነበር። እንጨቱ ላይ ሲወጣ ግን የተደበቀው መስመር ሁሉ ተቆርጦ ወጣ። ሌዘሩ ተበላሽቶ ይሆን?

ሌዘሩ ደህና ነው ወንድሜ። መቁረጥ ላይ ሲሆን የሚከተለው መስመሩን ነው። የቱ ቅርጽ ከላይ፣ የቱ ከታች እንዳለ አያውቅም፣ ነጭ ሙሌትም ለእሱ ምንም ነው። የፕሎተር (በብዕር የሚሥል ማሽን) ብዕርና የስቲከር መቁረጫም እንደዚሁ ናቸው። ፋይል ከመላክህ በፊት ሥዕሉን በአውትላይን፣ ማለትም መስመሩን ብቻ በሚያሳየው ዕይታ፣ አይተህ ላክ። ኢሉስትሬተር በሚባለው ፕሮግራም ላይ ኮንትሮልና ዋይ ነው፤ ኢንክስኬፕ ላይ ደግሞ ዕይታ የሚለው ማውጫ ውስጥ ታገኘዋለህ። እዚያ የሚታይህ መስመር ሁሉ እንጨቱ ላይ ይወጣል። እንጨት ውድ ነው፣ ይህችን ነገር ልማድ አድርጋት።

ከደብረ ማርቆስ፦ እኛ ማተሚያ ቤት ያለነው ኮሬልድሮው ነው የምንጠቀመው። እዚያስ?

እናንተማ ዕድለኞች ናችሁ። «ቨርቹዋል ሴግመንት ዲሊት» የሚል መሣሪያ አላችሁ። በሁለት መገናኛ መካከል ያለውን ቁራጭ ጠቅ ስታደርጉት ይጠፋል።

ከዲማ፦ ልጄ፣ እኔ ሐረግ የምሥለው በእጄ ነው። ተማሪዬ በኮምፒውተር ሲሠራው የቱ በላይ የቱ በታች እንደሚያልፍ ይምታታበታል። ምን ልበለው?

መሪጌታ፣ ጥያቄዎ ከሁሉም የከበደው ነው፣ ደስ ያለኝም እሱ ነው። እርስዎ ሲሥሉ እጅዎ መገናኛው ላይ ይቆምና ከማዶ ይቀጥላል። የሚደበቅ መስመር ከመጀመሪያውም አይኖርም። ኮምፒውተሩ ግን መስመሩን ሙሉውን ያሠምረዋል፣ ከዚያ ነው መቀነስ የሚመጣው።

ለተማሪዎ እንዲህ ይበሉት። አንዱን ጥለት፣ ማለትም የሐረጉን አንድ ገመድ፣ ይዞ ከአንድ ቦታ ጀምሮ ይከተል። በመጀመሪያው መገናኛ በላይ፣ በሚቀጥለው በታች፣ እንደገና በላይ እያለ ይሂድ። ጥለቶቹ ሁሉ ዞረው የሚዘጉ ከሆነ ይህ ሥርዓት የትም አይፈርስም። በላይና በታች መፈራረቁ ለማንኛውም ዝግ ጥልፍልፍ እንደሚሠራ በሒሳብ የተረጋገጠ ነው። ከተጋጨበት አንድ መገናኛ ዘሏል ማለት ነው፤ ወደኋላ ተመልሶ ይቁጠር።

ጥለቱ ነጠላ መስመር ከሆነ ኢንክስኬፕ ውስጥ «ኖት» የሚባል የፓዝ ኢፌክት አለ። መገናኛው ላይ ራሱ ክፍተት ይፈጥራል። በኖድ መሣሪያው ምልክቱን ጠቅ ሲያደርገው የላዩና የታቹ ይለዋወጣል። ሲጨርስ ወደ ተራ ፓዝ ይለውጠው፣ ሌላ ፕሮግራም ይህን ኢፌክት አያውቀውም።

በብራና ላይ እንደምናየው ጥለቱ ሁለት ጠርዝ ካለው ግን በእያንዳንዱ መገናኛ አራት ጎን ያላት ትንሽ ቅርጽ ትወጣለች። ሁለቱ ጎኖች የላይኛው ጥለት ናቸው፣ አይነኩም። ሁለቱ የታችኛው ናቸው፣ እነሱ ይጥፉ። ይህን ከያዘ የመስቀል ጥልፍልፍም አያቅተውም።

ከዳንግላ፦ ቆርጬ ስጨርስ ጫፉ ከላይኛው መስመር ጋር ይነካካል። ሥዕሉ ያደፈ ይመስላል።

የመስመሩ ጫፍ ክብ ስለሆነ ነው። ክብ ጫፍ መስመሩን በውፍረቱ ግማሽ ያረዝመዋል። ወደ ጠፍጣፋ ቀይሪው። ለስክሪን ህትመት (ቀለም በወንፊት ጨርቅ ላይ ለሚታተምበት) የሚሆን ከሆነ ከላይኛው መስመር በግራና በቀኝ የመስመሩን ውፍረት ያህል ክፍተት መተው እወዳለሁ። ቀለም ጨርቅ ላይ ትንሽ ይሰፋል፣ ጠባብ ክፍተት ይደፈናል።

ከቡሬ፦ ከቆረጥኩ በኋላ ደንበኛ «ታንኳውን ትንሽ ወደ ግራ» ቢለኝስ? ኢሉስትሬተር ነው የምጠቀመው።

እውነት ነው፣ የተቆረጠ መስመር አይመለስም። ስለዚህ ዋናውን ፋይል ሳትነካው በቅጂው ላይ ሥራ። እስኪጸድቅልህ ድረስ «ኖክአውት ግሩፕ» ተጠቀም። ቅርጾቹን ግሩፕ አድርጋቸው፤ ትራንስፓረንሲ ፓነል ላይ ኖክአውት ግሩፕን ምረጥ፤ ከዚያ ከላይ ያለውን ቅርጽ በማንኛውም ቀለም ሙላና የሙሌቱን ኦፓሲቲ (ድፍንነት) ዜሮ አድርግ። ከሥሩ ያለው መስመር ይደበቃል፣ የጀርባው ቀለም ግን ይታያል። ታንኳውን ብታንቀሳቅሰውም አብሮ ይስተካከላል። ይህ ለዕይታና ለህትመት ነው፣ ለሌዘር አይሆንም። ደንበኛው ከተስማማ በኋላ ሁሉንም መርጠህ ሺፍትና ኤም፣ ማለትም ሼፕ ቢልደር የሚባለውን መሣሪያ ያዝ። አልት ይዘህ የማትፈልጋቸውን ቁራጮች ጠቅ አድርጋቸው።

ከእንጅባራ፦ ለጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል ፖስተር እየሠራሁ ነው። ጎን ለጎን የሚጋልቡ ብዙ ፈረሶች አሉ። እግሮቻቸው ተደበላለቁብኝ።

እያንዳንዱን ፈረስ በራሱ ሌየር (ንብርብር) አስቀምጠው። የፊተኛውን አትንካው። በእሱ ዙሪያ ሁለተኛውን ቁረጥ፣ ከዚያ በሁለቱም ሦስተኛውን፣ እያልክ ወደኋላ ሂድ። ከኋላ ከጀመርክ አንዱን እግር ደጋግመህ ትቆርጣለህ። ልጓሙንና የአንገት ጌጡን መጨረሻ ላይ ጨምራቸው፤ ቀጭን ስለሆኑ በእጅ መቁረጡ ይሻላል።