ኪሞ ልጀምር ነው፤ ፍልሰታን ልጹም ወይስ ልብላ?

ጥያቄ፦ ሰላም መምህር። የጡት ካንሰር እንዳለብኝ ከታወቀ ወር ሆነኝ። መጀመሪያ ኪሞ፣ ከዚያ ኦፕራሲዮን ተብያለሁ። የመጀመሪያው ዙር ነሐሴ መግቢያ ላይ ነው። ሐኪሟ «ከአሁኑ በደንብ ብዪ፣ እንቁላልና ወተት አታቋርጪ» አለችኝ። እኔ ግን ፍልሰታን ከልጅነቴ ጀምሮ ፈትቼ አላውቅም። እናቴ ደግሞ «መጀመሪያ ጠበል ግቢ፣ ኪሞው ይደርሳል» ትላለች። ምን ላድርግ? ደግሞ በጣም ፈርቻለሁ። መፍራቴ እምነቴ ስለጎደለ ነው?

መልስ፦ እኅቴ፣ እግዚአብሔር ይማርዎ። ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልጀምር፤ እንቅልፍ የሚነሣዎ እሱ ይመስለኛል።

መፍራት ክህደት አይደለም። ጌታችን በጌቴሴማኒ «ነፍሴ እስከ ሞት ድረስ እጅግ አዘነች» ብሏል (ማቴ. 26፥38)። ሦስቱን ደቀ መዛሙርትም «ከእኔ ጋር ትጉ» አላቸው። እርስዎም አብሮዎት የሚተጋ አንድ ሰው ይምረጡ። ዘመድ ሁሉ አያስፈልግም፤ አንድ ሰው ይበቃል። ሐኪሟ ጋ አብሮ የሚገባ፣ የተባለውን የሚጽፍ፣ ማልቀስ ሲያምርዎ «አይዞሽ፣ ምንም አትሆኚም» ብሎ ዝም የማያሰኝዎ ሰው። ጥያቄዎን አስቀድመው ወረቀት ላይ ያስፍሩ። ስንት ዙር ነው? በየስንት ሳምንቱ? ልጅ የመውለድ ሐሳብ ካለዎት ደግሞ ኪሞው ሳይጀመር ያንሡት፤ መድኃኒቱ መውለድን ሊነካ ይችላል። ስንቱ አፍሮ ሳይጠይቅ ይቀራል!

ወደ ጾሙ እንምጣ። ፍልሰታ ሕፃናት ሳይቀሩ የሚጾሟት፣ ሕዝባችን አብዝቶ የሚወዳት ጾም ናት። መፍታቱ እንደሚከብድዎ ይገባኛል። ነገር ግን ፍትሐ ነገሥታችን በአንቀጽ 15 ስለ ጾም ሲደነግግ ሕመምተኛን ከግዴታው ያወጣል። ጾም የሥጋን ፈቃድ ለመግታት የተሠራ ነው፤ የእርስዎን ሥጋ ሕመሙ ራሱ ገትቶታል።

ሐኪሟ ያለችዎት ያለ ምክንያት አይደለም። ኪሞ የካንሰሩን ሴል ብቻ መርጦ አይመታም። ቶሎ ቶሎ የሚባዙ ሴሎችን ሁሉ ይነካል፦ የጸጉርን፣ የአፍና የአንጀትን የውስጥ ሽፋን፣ በአጥንት መቅኔ የሚሠሩትን የደም ሴሎች። ሰውነት የተጎዳውን መልሶ የሚሠራው ከምግብ ነው። ክብደቱ የወረደ ሰው መድኃኒቱን መቋቋም ያቅተዋል። አንዳንዴ ቀጠሮው ይገፋበታል፣ ወይም መጠኑ ይቀነስበታል።

ስለዚህ ዛሬውኑ ለንስሐ አባትዎ ይንገሩና በቃላቸው ይፍቱልዎ። ወተት በጠጡ ቁጥር ልብዎ እየከሰሰዎ መክረም የለብዎትም። ፍልሰታ እንደሆነች አትቀርብዎትም። ውዳሴ ማርያሙ አለ፤ አቅም ባለዎት ቀን ትርጓሜውን ቁጭ ብለው ይስሙ።

ስለ ምግቡ አንድ ነገር ልጨምር። ሽሮና ምስር ጥሩ ምግብ ናቸው፤ ግን በበርበሬ የተሠራ ወጥ አፍ ሲቆስል አይሞከርም። አጥሚት፣ የገብስ ሾርባ፣ በደንብ የበሰለ እንቁላል ያስለምዱ። ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ ነው የሚበላው። ጥሬ ሥጋና ያልተፈላ ወተት ግን ኪሞው እስኪያልቅ ይቅሩ። የታመመ ጥርስ ካለዎት አሁኑኑ ይታከሙት፤ ኪሞ ከተጀመረ በኋላ ጥርስ ማስነቀል ሌላ ጣጣ ነው። በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ያህል በእግርዎ ይሂዱ፣ ቤተ ክርስቲያን ተሳልሞ መመለሱም ይሆናል። ቴርሞሜትር ገዝተው ቤት ያስቀምጡ። ከኪሞ በኋላ ሙቀትዎ 38 ከደረሰ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ነው፤ «እስኪነጋ ልይ» አይባልም። ነጭ የደም ሴል በወረደበት ሰሞን ቀላል የሚመስል ትኩሳት ሰው ይገድላል።

ጠበሉስ? እናትዎ ጠበል ማለታቸው ትክክል ነው። «ኪሞው ይደርሳል» ያሉት ግን ትክክል አይደለም። ካንሰር ቀጠሮ አይጠብቅም፤ በአገራችን ብዙ እናቶች ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት ሕመሙ ከተሰራጨ በኋላ ነው። ንጉሡ ሕዝቅያስ ታሞ በጸለየ ጊዜ እግዚአብሔር 15 ዓመት ጨመረለት። ተስፋው ከእግዚአብሔር አፍ ወጥቷል፣ አለቀ ማለት ነው። ሆኖም ነቢዩ ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ አምጥተው ቁስሉ ላይ እንዲለብጡ አዘዘ (ኢሳ. 38፥21)። ተአምሩ መድኃኒቱን አላስቀረውም። መጽሐፈ ሲራክም በምዕራፍ 38 ሐኪምን የፈጠረው እግዚአብሔር ነው፣ መድኃኒትንም ከምድር አውጥቷል፣ አስተዋይ ሰው አይንቀውም ይላል።

ይህ ክርክር በእኛም ዘመን ነበር። የኤችአይቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት ከጀመረ በኋላ ጠበል ቦታ «ክኒኑን ጣዪው» የሚሉ ነበሩ። የወቅቱ ፓትርያርክ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. መድኃኒቱም ጠበሉም አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ ተናገሩ። ዛሬም «ኪሞ ከጀመርሽ ጠበሉ አይሠራልሽም» የሚል አጥማቂ ካጋጠመዎ፣ ያ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት አይደለም።

ስለዚህ ጠበሉን አሁን፣ ከመጀመሪያው ዙር በፊት ይጠመቁ። ኪሞ ከወሰዱ በኋላ ባሉት ሁለት ሳምንታት ግን ብዙ ሕመምተኛ ከሚጋፋበት፣ በጠዋት ብርድ ከሚያንቀጠቅጥበት ቦታ ይራቁ። ካህን ቤት መጥቶ ጸሎት ቢያደርስልዎ ይበቃል። ስለሚጠጡት ጠበል ሐኪሟን ይጠይቁ። ጤና አዳምም ሆነ ጥቁር አዝሙድ፣ ከገዳም የመጣ ቅጠልም ቢሆን፣ የሚወስዱትን ሁሉ ሳይደብቁ ይንገሯት። አንዳንዱ ከኪሞው ጋር ይጣላል።

ቁርባንን አልጠየቁኝም፤ ግን ልንገርዎ። ንስሐ ገብተው ከመጀመሪያው ዙር በፊት ይቁረቡ። ከኪሞ ማግሥት ማስመለስ ሊኖር ይችላል፣ ከቆረቡ በኋላ ደግሞ ማስመለስ እንደማይገባ ያውቃሉ። በኋላም ሲቆርቡ ሆድዎ የተረጋጋበትን፣ ከሚቀጥለው ዙር በፊት ያለውን ሳምንት ይምረጡ። ከቁርባን በፊት ምንም ሳይቀመስ በሚጾመው በ18ቱ ሰዓት ውስጥ የሚወሰድ ክኒን ካለ በራስዎ አያቋርጡ፤ ለንስሐ አባትዎ ይንገሩና እሳቸው ይወስኑ። ምስጢረ ቀንዲልንም፣ ማለትም ካህናት ጸልየው ሕመምተኛን ዘይት የሚቀቡበትን ምስጢር፣ ይጠይቋቸው። ብዙ ሰው ለሚሞት ሰው ብቻ የሚደረግ ይመስለዋል፤ ሐዋርያው ያዕቆብ ግን «ከእናንተ የታመመ ማንም ቢኖር» ነው ያለው (ያዕ. 5፥14)።

አንድ የቸገረ ነገር ደግሞ አለ፤ ጥየቃችን። ሰው ታመመ ሲባል ግልብጥ ብለን ነው የምንሄደው። አልጋ ዙሪያ ከበን፣ ጉንጭ ስመን፣ የሞተችውን የጎረቤት ልጅ ታሪክ አውርተን እንመለሳለን። የጽዋ ማኅበርዎን እኅቶች ከአሁኑ ያስጠንቅቁ። ጉንፋን የያዘው አይምጣ። የሚመጣውም ተራ ገብቶ ሾርባ ያምጣ፣ ልጆች ካሉዎትም ከትምህርት ቤት ይመልስልዎ። ለልጆችዎ ራስዎ ይንገሯቸው፤ ከጎረቤት አፍ አይስሙ።

ጸጉርዎ ምናልባት ከመጀመሪያው ዙር ሁለትና ሦስት ሳምንት በኋላ መርገፍ ይጀምር ይሆናል። አስቀድመው አሳጥረው ቢቆረጡት ትራስ ላይ በጭብጥ ከማየት ይቀላል። ቤተ ክርስቲያን እንደሆነ ሁላችሁም ነጠላ ተከናንባችሁ ነው የምትቆሙት፤ ማንም አይለይዎትም።

ለእናትዎ እኔ የጻፍኩትን ከማንበብ ይልቅ በሚቀጥለው ቀጠሮ ይዘዋቸው ይሂዱ። ከሐኪሟ አፍ ይስሙ፣ የሚፈሩትንም ይጠይቋት። የክርስትና ስምዎን ደግሞ ይጻፉልኝ። በፍልሰታ ቅዳሴ ላይ ካህናቱ እንዲያስቡዎት እሰጣለሁ።