«አማልክቶች» ስህተት ነው?

ጠያቂዬ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ናት። ለተማሪዎቿ የግሪክን ተረቶች ወደ አማርኛ እየመለሰች ነው። «ሁለቱ አማልክቶች ለአቴንስ ከተማ ተፎካከሩ» ብላ ጻፈች። አንድ ባልደረባዋ «አማልክት ራሱ ብዙ ነው፣ አማልክቶች አይባልም» ብሎ አረማት። ሌላዋ ደግሞ «አምላኮች በይና ተገላገይ» አለቻት። እሷ በበኩሏ ከሁለቱ ሴቷን፣ አቴናን «አምላኪት» ብላት ያስኬዳል ወይ ስትል ጠይቃኛለች።

እህቴ፣ ስንት ዓመት ሳብሰለስለው የኖርኩትን ነገር ነው የነካሽብኝ። ስለዚህ ትንሽ ራቅ ብዬ ልጀምር።

ባልደረባሽ ግማሹን ልክ ነው። አማልክት የአምላክ ብዙ ቁጥር ነው። «ከእኔ በቀር ሌሎች አማልክት አይሁኑልህ» የሚለውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ግን እስቲ አምላክ የሚለውን ቃል ራሱን እንየው። በግዕዝ ልብስ ሲበዛ አልባስ ይሆናል። ፈረስ አፍራስ፣ ደብር አድባር። አሁን ከአጠገባቸው አምላክን አስቀምጪና ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢ፤ አልባስ፣ አፍራስ፣ አድባር፣ አምላክ። ልኩ አንድ ነው! አምላክ በቅርጹ ብዙ ቁጥር ነው። ነጠላው ቀርቶ ብዙው የአንዱ ስም ሆነ፤ ከዚያ አማልክት ተብሎ እንደገና በዛ። ዕብራይስጡም እንዲሁ ነው። ኤሎሂም፣ ማለትም አምላክ፣ ብዙ ቁጥር ሆኖ ሳለ በኦሪት ዘፍጥረት መጀመሪያ ላይ «ፈጠረ» የሚለው ግስ በነጠላ ይከተለዋል።

ሥሩ መለከ ነው፤ ገዛ፣ የራሱ አደረገ ማለት። በዕብራይስጥ ሜሌክ፣ በዓረብኛ መሊክ ንጉሥ ነው። የአሞናውያኑ አምላክ ሚልኮም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ሥር ነው። የጢሮስ ሰዎች አምላካቸውን መልቃርት ይሉት ነበር፣ «የከተማ ንጉሥ» ማለት ነው፤ ግሪኮች ወደ ጢሮስ ሲመጡ ይሄንኑ መልቃርትን አይተው የራሳቸው ጀግና ሄራክሊስ ነው አሉት። ስለዚህ የሄራክሊስን ተረት ስትተረጉሚ የኛ አምላክ የሚለው ቃል ዘመድ እዚያም አለ። ቃሉን ከመልክ፣ ማለትም ከፊት ገጽታ ጋር የሚያያይዙ ሰዎች አጋጥመውኛል። አይሆንም። ያኛው በግዕዝ መልክእ ነው፣ መጨረሻው ላይ አልፍ አለው፤ ሌላ ሥር ነው። መላእክትም ከዚህ ቤት አይደሉም፣ እነሱ ከለአከ፣ ከመላክ ናቸው።

ብዙ ቁጥር ነጠላ ሆኖ የቀረው አምላክ ብቻ አይደለም። አስማት በግዕዝ የስም ብዙ ቁጥር ነው፣ «ስሞች»። በምስጢራዊ ስሞች መድገም ነበርና ነገሩ ራሱ አስማት ተባለ፤ ዛሬ ማንም ብዙ ነው ብሎ አይሰማውም። አውሊያም በዓረብኛ ብዙ ነው፣ ነጠላው ወሊይ ነው። አድባር ደግሞ ተራሮች ማለት ነበር። አያቴ ግን አድባር የምትለው ከቤታችን በታች የነበረችውን አንዲት ዋርካ ነው። ቡና ስታፈላ የመጀመሪያውን ስኒ ይዛ ወርዳ ግንዷ ሥር ታፈስላታለች፣ ቅቤ የተቀባው ልጥ ይታየኛል። «አድባሯ» ትላታለች፣ በአንስታይ ጾታ፣ በነጠላ። ለአያቴ «አድባር እኮ ብዙ ቁጥር ነው» ብላት ምን ትለኝ ነበር?

እዚህ ላይ ነው ከአራሚዎቹ ጋር የማልስማማው። «ብዙ ላይ ብዙ መደረብ መሃይምነት ነው» ይላሉ። አማልክት ራሱ እኮ ብዙ ላይ የተደረበ ብዙ ነው! ያንን ሊቃውንት አደረጉት፣ እኛም ተቀበልነው። አማልክቶች ሦስተኛው ድርብ መሆኑ ብቻ ነው። ሰው ይህን የሚያደርገው ስለሰነፈ አይደለም። የአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ ብዛትን የሚሰማው ከ«ኦች» ነው። ሕፃናቶች፣ ቅዱሳኖች፣ ሊቃውንቶች የምንለው ለዚህ ነው።

ማስረጃው ይህን ይላል። እኔ ግን አማልክቶች አልጽፍም፣ አንቺም ባትጽፊው ደስ ይለኛል። «ሁለቱ አማልክት» በይ። አጭር ነው፣ ክብደት አለው፣ የባሕሩ አምላክ ፖሰይዶን ዓለቱን በጦሩ ሲመታና ጨው ውሃ ሲፈልቅ፣ አቴና ወይራዋን ስታበቅል፣ ይሄ ሁሉ «አማልክቶች» በሚለው ውስጥ ይላላብኛል። የጆሮ ጉዳይ ነው፣ ሌላ ክርክር የለኝም። አምላኮች የሚለውን ደግሞ ጨርሶ አልወደውም፤ በሰዋስው እንከን የለበትም፣ ግን እንደ በርሜሎችና ወንበሮች የሚቆጠር ዕቃ ይመስለኛል። ተማሪዎችሽ ግን አማልክቶች እንደሚሉ አውቃለሁ። የራሴም ልጆች ይላሉ። ማረም ካቆምኩ ቆየሁ። ከሃያ ዓመት በኋላ መዝገበ ቃላት ውስጥ ቢገባ እቀበለዋለሁ፣ ሳልወድ።

ወደ አቴና ልምጣ። ቃላችን ጾታን በራሱ ላይ አይሸከምም፣ በግሱ ነው የሚያሳየው። መጽሐፍ ቅዱሳችን የሲዶናውያንን አስታሮትን፣ ሴት ሆና ሳለ፣ «አምላክ» ነው የሚላት። የዚህች አስታሮት ዘመድ የሆነው ስም በአክሱም ጽሑፎች ላይ ዐስተር ሆኖ ይገኛል፤ ባቢሎን ላይ ኢሽታር ተብላ ሴት ናት፣ በደቡብ ዓረብና በአክሱም ግን ወንድ ነው። አንድ ስም ከአገር አገር ሲሻገር ጾታው ተለወጠ። ዒዛና ከመጠመቁ በፊት «ወልደ ማሕረም»፣ የአክሱሙ አምላክ የማሕረም ልጅ፣ ይባል ነበር፤ የግሪክኛው ጽሑፉ ማሕረምን በግሪኮቹ የጦርነት አምላክ ስም አሬስ ብሎ ነው የተረጎመው፤ ስለዚህ አንቺ የያዝሽውን ሥራ አክሱም ውስጥ በአራተኛው ክፍለ ዘመን አንድ ሰው ጀምሮታል ማለት ነው።

«አቴና የጥበብ አምላክ ነበረች» ብለሽ ጻፊ፣ ይበቃል። ጾታውን ማጉላት ካስፈለገሽ «እንስት አምላክ» አለልሽ። አምላኪት የሚለውን ግን ዛሬውኑ ሰርዢው። አምላኪ የሚያመልክ ሰው ነው፤ አምላኪት ካልሻት አቴናን ከዙፋኗ አውርደሽ በራሷ መቅደስ ደጃፍ ላይ ታሰግጃታለሽ።